ሚስቴ ወደ ትምህርት፣ እኔ ወደ ማጀት

ሚስቴ በአርባ ዓመቷ ነርስ ለመሆን ትምህርት ስትጀምር «የልጆቹን ምግብ ለእኔ ተይው» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ስለ ማጀት የማውቀው ማቀዝቀዣው በየት በኩል እንደሚከፈት ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ቢራ ስለሚቀመጥበት ነው። እሷ የመቀበያውን ደብዳቤ ይዛ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ። አልቅሼ ዝም ብል ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ቃል ገባሁ።

በሳምንት አራት ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በባቡር ወደ ቤር ሼቫ ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። እኔ እዚሁ የምንኖርበት የእስራኤል ከተማ ቂርያት ጋት፣ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ማልጌዛ እነዳለሁ፤ ከፊቱ ሁለት የብረት ክንድ ያለው፣ ሸክም የሚያነሳው መኪና ነው። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድ፣ የአራት ዓመት ሴት። ሦስቱም ይበላሉ። በየቀኑ ይበላሉ። ይህን ነገር ከዚያ በፊት በደንብ አላጤንኩትም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ፓስታ በኬችፕ በላን። ማክሰኞ ኬችፑ ስላለቀ ፓስታ ብቻውን። ረቡዕ ፒዛ አዘዝኩ፤ ሐሙስ የረቡዕን ፒዛ አሞቅኩ። ለትንሿ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቸኮሌት የተቀባ ዳቦ እይዝላት ነበር፤ እሷ ተደስታ፣ እኔም ተገላግዬ ስንኖር፣ የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት በልጅቷ ቦርሳ ወረቀት ላከች። ከላይ ፈገግ ያለ ካሮት ተስሎበታል። «ውድ ወላጆች፣ እባካችሁ ጤናማ ሳንድዊች» ይላል። «ወላጆች» ይበል እንጂ ለእኔ እንደተጻፈ ገብቶኛል። ካሮቱም የሚስቀው በእኔ ነው።

ሚስቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እስከ ሴሚስትሩ መጨረሻ አያለሁ» አለች። «ልጆቼ እንዲህ የሚበሉ ከሆነ ግን እተወዋለሁ። የሰው በሽተኛ ለማስታመም ብዬ የራሴን ልጆች አላሳምምም።»

ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ሽማግሌ ስታጥብ፣ ስታገላብጥ ኖራለች። ነርሶቹ መርፌ ወግተው ሲወጡ እያየች ማታ ማታ «እኔ እኮ ይሄን እችለዋለሁ» ትለኝ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀችውን ነገር በእኔ ፓስታ ምክንያት ብትተወው በምን ዓይኔ አያታለሁ? ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ማልጌዛው ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ «ሥራ ለሚበዛባቸው ቤተሰቦች ፈጣንና ጤናማ ምግብ» ብዬ ፈለግሁ። የማይገኝ ነገር የለም! አንዲት ሴት፣ ነጭ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ነጭ ልብስ ለብሳ «በአሥራ አምስት ደቂቃ» እያለች ትስቃለች። ሽንኩርቱ ተከትፏል። ሽምብራው ተቀቅሏል። ልጆቿ የት እንደደረሱ እግዜር ይወቅ፤ አንዱም ሲያለቅስ አይሰማም። እኔ በአሥራ አምስት ደቂቃ ቢላዋውን ፈልጌ ያገኘሁ ቀን ጎበዝ ነኝ።

ሌላዋ ደግሞ «አትክልት ሲመረጥ ልጆቻችሁን አሳትፉ» ትላለች። አሳተፍኩ። ሦስቱንም ሱፐርማርኬት ይዤ ሄጄ «ምረጡ» ብላቸው ትንሿ አይስክሬም መረጠች፣ ወንዱ በከረጢት ያለ ድንች ጥብስ፤ ትልቋ የክፍል ጓደኛዋን አይታ አላውቃችሁም ብላ ከዳቦው መደርደሪያ ጀርባ ተደበቀች። ኪኑዋ የሚሉትንም እህል ቀቅዬ አቀረብኩ። ልጄ ሳህኑን ገልመጥ አድርጎ፦

«አባ፣ እኛ ወፍ አለን እንዴ?» አለ።

እንዲህ ስዳክር ነው አንድ ቀን የገባኝ። የእኛን ምግብ የሚያዘገየው ሽንኩርቱ ነው። ሌላው ሁሉ ፈጣን ነው፤ ሽሮ ፈጣን ነው፣ ቀይ ምስር ፈጣን ነው፣ እንቁላል ከዚያም ይፈጥናል። ሽንኩርቱ ግን ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ተቁላልቶ፣ ቀልቶ፣ በርበሬውን ጠጥቶ እስኪበስል ልጅ አድጎ ወታደር ይሆናል። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ሥራ በሌለኝ ሰዓት ትልቁን ድስት ጥጄ የሳምንቱን ቁሌት አንዴ ሠራሁ። ከዚያ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍዬ በረዶ ቤት ከተትኩት። ማታ አንዱን አውጥቶ ድስት ውስጥ ጣል ነው። ምስር ሲጨመርበት ምስር ወጥ ነው፣ ሽሮ ሲጨመርበት ሽሮ ነው፣ እንቁላል ሲሰበርበት ደግሞ ልጆቹ «ሻክሹካ» ይሉታል፣ እኔም አልከራከርም። ጎኑ ላይ ቲማቲምና ኪያር። እንጀራው ከሐበሻ ሱቅ። ለትንሿ ሳንድዊች የተቀቀለ እንቁላል።

የመጀመሪያው ቁሌት አረረ። ሁለተኛውም አረረ፤ ግን ትንሽ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ወንዱ ልጄ ሳህኑን በጣቱ ጠረገው። ያን ማታ ሚስቴ ከባቡር ወርዳ፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ቆማ በላችና «ጨው አንሶታል» አለች። ደስ አለኝ። ጨው አንሶታል የሚባለው ምግብ ነው፤ ኪኑዋውን ማንም ጨው አንሶታል አላለውም።

አንድ ችግር ብቻ ቀረኝ፤ እናቴ።

እናቴ ከእኛ ሁለት ሕንፃ ዝቅ ብላ ትኖራለች፤ የቤታችንም ቁልፍ አላት። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ «አንቺ» ናት። ወንድ ወደ ችሎት ሴት ወደ ማጀት የሚለው ነገር በእሷ ዘንድ ተረት ሳይሆን ሕግ ነው። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሕንፃው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ከእኩዮቿ ጋር ስትቀመጥ ዘወትር የምታወራው «የእኔ ባል ድስት ከድኖ አያውቅም» እያለች ነው። ሚስቴ የምትፈራውም ይህንኑ ነበር። «አንድ ቀን ይሰማሉ» ትለኛለች። «ልጄን ማጀት ከትታ እሷ ባቡር ትሳፈራለች ብለው ለአገር ይናገራሉ። ያን ቀን አልችለውም።»

ስለዚህ እደበቃለሁ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ እናቴ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆማ ታስላለች። ሳሏን ስሰማ ሽርጡን ፈትቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ዜና ፊት ቁጭ እላለሁ። አንድ ቀን ግን ሳትስል መጣች። ድስቱ ይንተከተካል፣ ማማሰያው በእጄ ነው። ሁለት ቶን ለማንሳት መንጃ ፈቃድ የተሰጠኝ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፦

«ልጅቷ ናት የሠራችው። አማስልልኝ ብላ ነው» አልኩ።

እናቴ በጣቷ ቀመሰች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እልልታዋን ለቀቀችው፤ ጎረቤት በር ከፈተ።

ትልቋ ልጄ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። እንቁላል መቀቀል አትችልም፤ አንዴ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትታው ፈንድቶ ለሦስት ቀን ስንፍቅ ሰንብተናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ያገር አሮጊት በሙሉ የእሷን ወጥ ያወራ ጀመር። አግዳሚው ላይ ተወራ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ተወራ፣ አውቶቡስ ላይ ተወራ። አንዲት ባልቴት መንገድ ላይ አስቁመዋት እጇን ሳሟት።

«አባ፣ ለሳብታ ምንድን ነው ያልካት?» ብላ ጮኸችብኝ፤ አያቷን በዕብራይስጥ እንዲያ ነው የምትጠራት። «ሴትዮዋ እጄን ሳሙኝ እኮ! እጄን!»

«ታገሺ፣ ይረሱታል» አልኳት። አልረሱትም። የአባቴ ዓመታዊ ተዝካር ደርሶ ነበርና እናቴ፣ የዘንድሮው ዶሮ በልጅ ልጁ እጅ ይሠራ ብላ ቆረጠች። ሐሙስ መጥታ እሷ ተቀምጣ ልታይ፣ ልጅቷ ልትሠራ።

በዚያው ሳምንት ሚስቴ የአናቶሚ ፈተና ወደቀች። ትንሿም ታማ ሁለት ሌሊት ትኩሳት ሲያነዳት አደረች። ረቡዕ ማታ ሚስቴ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረች፤ ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ነው። ስሟን ሞልታዋለች፤ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

«ምግቡ አይደለም» አለችኝ። «ምግቡንስ ተወጣኸው። ደክሞኛል። ነገ ደግሞ እናትህ ሁሉን ያውቃሉ። በቃ፣ እኔም ወደ ሽማግሌዎቼ ልመለስ።»

«እስከ ነገ ማታ አትፈርሚ» ብቻ አልኳት።

ሐሙስ እናቴ ወንዱን ልጄን አምስት ኪሎ ሽንኩርት አሸክማ ገባች። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልጅቷን ጠራች። ልጅቷ ኳሷን በብብቷ ይዛ ከክፍሏ ወጣች። ሽንኩርቱን አየች። እኔን አየች።

«አባ» አለች በዕብራይስጥ፣ «ወይ አንተ ንገራት፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። ድዪ ካቫር፣ በቃኝ!»

ቢላዋውን አነሳሁና ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። አንዱን ላጥኩ፣ ሁለተኛውን ላጥኩ፤ መክተፊያው ላይ አድርጌ ከተፍኩ። ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ሽንኩርቱ ብቻ አይደለም። ሚስቴ አሁን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ መምህር ታዳምጣለች፤ እዚህ ደግሞ ነገሯ እያለቀ ነው እያልኩ ነበር። እናቴ እጄን ትመለከታለች። ስድቡን ጠበቅሁ። አልመጣም።

«መጀመሪያ በቁመቱ ትሰነጥቀዋለህ» አለች። «አባትህም እንዲሁ ነበር።»

ቢላዋው ቆመ።

እናቴ ወደ ልጅቷ ዞራ «አንቺ ሂጂ ኳስሽን ተጫወቺ፤ ወንድምሽንም ውሰጂው» አለቻት። ልጆቹ ሳትጨርሰው ደረጃውን ወረዱ።

«እማዬ፣ አባዬ ድስት ከድኖ አያውቅም ይሉ አልነበር?»

«ከድኖማ አያውቅም» አለች። «ከፍቶ ነው የሚተወው። አመድ ይገባበታል።»

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ። አባቴ በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ሥራ ፍለጋ ከዘመድ ተለይተን፣ ገበያ አጠገብ ባለ የክርስቲያን መንደር ብቻችንን እንኖር ነበር። በእኛ በቤተ እስራኤል ሕግ ደግሞ ሴት ወር ሲመጣባት ሰባት ቀን ከቤት ወጥታ የመርገም ጎጆ ትገባለች። ወንድ ስትወልድ አርባ ቀን፣ ሴት ስትወልድ ሰማንያ ቀን። እዚያ እያለች ድስት አትነካም፣ ልጅ አትነካም። ሌላው ዘንድ እህት አለች፣ አማት አለች፣ ቤቱን ታበላለች። እኛ ዘንድ ማንም የለም። የጎረቤት ምግብ እንዳንበላ ደግሞ የእነሱን ነገር መብላት ለእኛ ነውር ነው።

«እህትህ ስትወለድ ሰማንያ ቀን ጎጆ ነበርኩ» አለች። «አንተ አራት ዓመትህ ነው። ማን ያበላህ ይመስልሃል? መልአክ?»

ያን ሽሮ አስታውሰዋለሁ። ጥቁር ዋንጫ የሚመስል ድስት ውስጥ ነበር። እድሜዬን ሙሉ እናቴ የሠራችው ይመስለኝ ነበር።

«ሰው አያይም ነበር?»

«ምን ያያል? በወናፉ ነበር የሚያበስል። ድስቱን ፍሙ ላይ ይጥደውና ወናፉን ነፋ ነፋ ያደርገዋል፤ ወዲያው ይፈላል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ማረሻ የሚሠራ ይመስለዋል። እሱ ሽሮ ነው የሚያንተከትክ!» ብላ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ለእኔም ያመጣልኛል። የጎጆው ዙሪያ ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ያንን አያልፍም። ድንጋዩ አጠገብ ያስቀምጥና ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ዞሮ ይሄዳል። ሽሮው ጓጓላ ነበር፣ አመድ ነበረው። አሟጥጬ ነው የምበላው።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?»

ሽንኩርቱን በጣቷ ለየት ለየት አደረገች።

«ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነዋ። ቀጥቃጭ ስለሆነ ቡዳ ይሉታል፤ ያንን ቻለው። ሴታሴት ቢሉትስ? ቃሌን ጠበቅሁ። ከጠበቅሁ አይቀር ብዬ ደግሞ አስፍቼ ዋሸሁ።» ቀጥላም «ዛሬ ጎጆውን ሁሉም በደል ነበር ይላል። ይበርዳል፣ ይጠባል። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በዕድሜዬ እንቅልፍ የጠገብኩት እዚያ ነው» አለች።

አባቴን እንደዚያ ቀን ናፍቄው አላውቅም። ሲሞት ያላለቀስኩትን ያህል እዚያው መክተፊያው ላይ አለቀስኩ፤ እናቴም ሽንኩርቱ ነው ብላ ተወችኝ።

ሲመሽ በሩ ተከፈተ። ሚስቴ ናት፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። እኔን ከነሽርጤ አየች፣ እናቴን ከፊቴ ተቀምጣ አየች፣ በሩ ላይ ቀረች። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት።

«እናቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ከትምህርቱ ልወጣ ነው። ወረቀቱንም ሞልቼዋለሁ።»

«ትወጫለሽ?» አለች እናቴ። «ማን ፈቅዶልሽ? ቀንሽ ሳይሞላ?»

ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔም ገና አልገባኝም ነበር።

«ስንት ጊዜ ነው የቀረሽ?»

«ሦስት ዓመት ተኩል።»

«ሦስት ዓመት ተኩል!» ብላ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የእኔ ሰማንያ ቀን ነበር። ይሁን። አንቺ ጎጆ ገብተሻል፣ ልጄ። ጎጆ የገባች ሴት ቀኗን ሳትጨርስ አትወጣም፣ ድስትም አትነካም፤ ሕጉ ነው። ድስቱ የእሱ ነው። ማንም አንዲት ቃል ቢናገርሽ ወደ እኔ ላኪው። ግቢና አጥኚ።»

ሚስቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ቦርሳዋን እንዳነገተች አለቀሰች፤ ከዚያ የአማቷን ጉልበት ስማ ወደ መኝታ ቤቱ ገባችና በሩን ዘጋች። መጽሐፍ ሲገለጥ ተሰማን።

እኔ ከበረዶ ቤት ቁሌት አውጥቼ ምስር ሠራሁ። እናቴ በሳህን ጨልፋ፣ እንጀራውን አጣጥፋ፣ ሰጠችኝ።

«በሩ ላይ አስቀምጠው። እንዳታንኳኳ። ጉሮሮህን ጠረግ አድርግና ተመለስ።»

አስቀመጥኩት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዞሬ ስመለስ ከኋላዬ በሩ ገርበብ አለ፤ እጇ ብቻ ወጣና ሳህኑን ይዞ ገባ።

«ወሰደች?» አለች እናቴ።

«ወሰደች።»

«እንግዲያው ትጨርሳለች» አለችና የቀረውን አራት ኪሎ ሽንኩርት ወደ እኔ ገፋችው።